የፊዚክስ ክበብ፦ ከጥምዝ ብርሃን ጋር የከረምንበት ዓመት

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ጥምዝ ብርሃን (ሞገዱ እየተጠመዘዘ የሚጓዝ ብርሃን) መላክ፣ ከዚያም መቀበል። የሚከብደው መላኩ መስሎን ነበር። የከበደው መቀበሉ ነው።

ነገሩ በጥቅምት ተጀመረ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ኢንተርኔት በብርሃን የሚመጣ ከሆነ፣ መስመሩ ሲሞላ ምን ይደረጋል?» ብላ ጠየቀች። በአንድ የፋይበር ክር ብዙ ቀለሞች ይላካሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን መልእክት ይይዛል። ቀለም አልበቃ ሲል ሌላ መለያ ይፈለጋል። ጥምዘት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የኔዘርላንድስ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሞገዱ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ እየዞረ የሚጓዝ የሌዘር ጨረር ነገሮችን የማዞር አቅም እንደሚይዝ አሳዩ።

ለልጆቹ በብሎን አስረዳኋቸው። ጥርሱ ወደ ቀኝ የሚዞር አለ፣ ወደ ግራም አለ። ዳዶው የሚገባው ለራሱ ብሎን ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ሥራ ገባን። ትይዩ መስመሮች ሆነው፣ መሃል ላይ አንዷ መስመር እንደ ሹካ ለሁለት የምትከፈልበትን ንድፍ በኮምፒውተር ሠርተን ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ አተምን። መስኮቱን በጋቢ ሸፈንን። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፕላስቲኮች አልሠሩም፤ መስመሮቹ በጣም ወፍረው ነበር። በጥር ቀጠን አድርገን አተምንና ቀይ ሌዘር አሳለፍንበት። ግድግዳው ላይ ከመሃለኛው ነጥብ ግራና ቀኝ፣ መሃላቸው ጨለማ የሆነ ሁለት ቀይ ቀለበቶች ወጡ። ልጆቹ «ቦምቦሊኖ!» ብለው ጮኹ። ጨለማው መሃል ላይ የሞገዱ ከፍታና ዝቅታ ተገናኝቶ ስለሚጠፋፋ ነው።

አንዱ ቀለበት ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ የተጠመዘዘ ነው። በዓይን ግን አይለዩም! ተቀባይ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛ የሹካ ፕላስቲክ በአንዱ ቀለበት መንገድ ላይ አቆምን። ጥምዘቱን የሚፈታ ከሆነ በጨለማው ፈንታ መሃሉ ላይ ደማቅ ነጥብ መታየት አለበት። ሦስት ወር ፈጀብን። ፕላስቲኩ በፀጉር ስፋት ከመሃል ከራቀ ነገሩ ይበላሻል። ከካርቶንና ከልብስ መቆንጠጫ መያዣ ሠራን፤ በር በተዘጋ ቁጥር ይንቀሳቀስ ነበር። በግንቦት አንድ ረቡዕ ነጥቧ ቁልጭ ብላ ወጣች። እስካሁን ዓይኔ ላይ አለች።

ይህን ሥራ በቺፕ፣ ማለትም ጥቃቅን ክፍሎች አንድ ላይ በተሠሩበት ትንሽ ቁራጭ፣ መሥራት ለምን እንደሚያስፈልግ ልጆቹ ያን ቀን የገባቸው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የተመራ ቡድን፣ ከፀጉር የቀጠኑ፣ ውስጣቸው ጥርስ ያለው የሲሊኮን ቀለበቶች ሠርቶ ጥምዝ ብርሃን አስወጣ። ተቀባይ ቺፕም በተገላቢጦሽ ይሠራል። ብርሃኑ ይገባል፤ እያንዳንዱ ጥምዘት ወደ የራሱ ቦይ ይሄዳል፤ ቦዩ ጫፍ ላይ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። ሁሉም ክፍሎች አንድ ላይ ስለተሠሩ በር ቢዘጋም አይናጉም። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

በሰኔ ስቶቭ ለኩሰን ከጨረሩ ሥር አስቀመጥን። በሞቃቱ አየር ቀለበቱ ተርገበገበ። እ.ኤ.አ. በ2014 የቪየና ተመራማሪዎች የሞዛርትን ምስል በጥምዝ ብርሃን 3 ኪሎ ሜትር በከተማው ላይ አሻግረው ሲልኩ የታገሉት ከዚሁ አየር ጋር ነው።

ለመጪው ዓመት የቀኙን ጥምዘት 1፣ የግራውን 0 ብለን ፊደል ለመላክ ተስማምተናል። የመጀመሪያዋን ቃል ልጆቹ መርጠዋል፦ «ሰላም»።