ካንሰሩን የሚበትነው ካሜራው አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

በካሜራ በትንንሽ ቀዳዳዎች የሚሠራው የትልቁ አንጀት ካንሰር ቀዶ ጥገና «ካንሰሩን ይበትናል» የሚለው ፍርሃት ሊቀር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው፣ በአሜሪካና በካናዳ 872 ሕሙማንን ያካተተው ጥናት እንዳሳየው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ የተመለሰባቸው በካሜራ ከታከሙት 16 በመቶ፣ ሆዳቸው ተከፍቶ ከታከሙት 18 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነት አለ አያሰኝም። የሆስፒታል ቆይታው ከ6 ወደ 5 ቀን ሲያጥር ቀዶ ጥገናው ከ95 ወደ 150 ደቂቃ ረዝሟል። በካሜራ ከተጀመሩት አንድ አምስተኛው ሆድ በመክፈት ተጠናቀዋል። የካንሰሩ እብጠት ከጎረቤት አካል ጋር ሲጣበቅ ወይም የቀድሞ ጠባሳ እይታን ሲጋርድ መክፈት ጥንቃቄ እንጂ ሽንፈት አይደለም። ታካሚዎች ከጠባሳው ርዝመት ይልቅ ቢያንስ 12 የሊምፍ ዕጢዎች (ካንሰር ሊዛመትባቸው የሚችል፣ በአንጀቱ ዙሪያ ያሉ ትንንሽ እንክብሎች) ተወስደው መመርመራቸውን ይጠይቁ፤ ከዚያ ካነሰ የበሽታው ደረጃ ዝቅ ተደርጎ ሊገመትና አስፈላጊው ኬሞቴራፒ ሊታለፍ ይችላል።