ስለ ሜፕል ሽሮፕ ማፍያ ምድጃ የተሰጠው ምክር እርማት ያስፈልገዋል

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በዚህ ዓምድ አንድ አንባቢ፣ ከተጣለ የቤት ማሞቂያ የተነቀለ፣ ናፍጣ እየረጨ የሚያነድ በርነርና ዚንክ ከተለበጠ (ጋለቫናይዝድ) ቆርቆሮ የታጠፈ ትሪ ያለው ሰው የሜፕል ሽሮፕ (ከሜፕል ዛፍ ፈሳሽ ተፈልቶ የሚገኝ ወፍራም ጣፋጭ) ማፍያ ምድጃ በትንሽ ወጪ ሊሠራ እንደሚችል ጽፈው አንብቤያለሁ። እኔም አሜሪካ፣ ቨርሞንት ግዛት ውስጥ እንዲህ ያለውን ምድጃ በገዛ እጄ ሠርቼ ሽሮፕ ሳወጣ ይኸው ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ስለ በርነሩ ባሉት እስማማለሁ፤ ስለ ትሪው የተባለው ግን ሳይታረም ማለፍ የለበትም።

ሥራውን ለማያውቁ አንባቢዎች ለመግለጽ ያህል፣ በክረምቱ መውጫ፣ ሌሊቱ በረዶ ሠርቶ ቀኑ ሞቅ ሲል የሜፕል ዛፍ ግንድ ተበስቶ የሚቀዳው ፈሳሽ ከውሃ እምብዛም አይለይም፤ ስኳሩ ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ 1 ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት 40 ሊትር ያህል ቀድቶ 39ኙን ማትነን ያስፈልጋል። በደህና ምድጃ ውስጥ 1 ሊትር ናፍጣ ከ8 እስከ 10 ሊትር ውሃ ስለሚያተን፣ ለእያንዳንዱ ሊትር ሽሮፕ ከ4 እስከ 5 ሊትር ናፍጣ ይነዳል። «በትንሽ ወጪ» የተባለው እንግዲህ ምድጃውን ብቻ የሚመለከት መሆኑ ይታወቅ።

በሰዓት 1 ጋሎን፣ ማለትም 3.8 ሊትር ገደማ ናፍጣ የሚረጭ ኖዝል (የመርጫ አፍ) ያለው አሮጌ በርነር፣ ፈሳሹ ለሚፈላበት፣ ወርዱ 60 ርዝመቱ 120 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ጠፍጣፋ ትሪ በቂ ነው። ጸሐፊው የዘለሉት የምድጃውን ውስጥ ነው። ባዶ ላሜራ ነበልባሉን ስለሚያቀዘቅዘው ናፍጣው በወጉ ሳይነድ ጥላሸት ሆኖ ከትሪው ሥር ይለጠፋል፤ ላሜራው ራሱም ውሎ አድሮ ይበሳል። እሳቱ የሚነድበት ክፍል በእሳት ጡብ ወይም ሙቀት በሚችል የሴራሚክ ጥጥ መልበስ አለበት።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ምሽት በርነሩ አልነሳ አለኝ። በርነሩ ላይ እሳት መኖሩን የሚያይ የብርሃን ሴንሰር አለ፤ ናፍጣው ተረጭቶ ካልነደደ ብዙም ሳይቆይ ሁሉንም ነገር ያጠፋል፤ መልሶ ለማስነሳት ቀይዋን ቁልፍ መጫን ነው። እኔም በጥድፊያ አምስት ጊዜ ጫንኳት። ለካ በተጫነች ቁጥር የሚረጨው ናፍጣ ሳይነድ የሴራሚኩን ጥጥ እያራሰው ኖሯል። በስድስተኛው እሳቱ ሲይዝ ምድጃው «ድም» ብሎ የፊት በሩን ወረወረው፤ ቅንድቤ ተለበለበ፤ ቀኑን ሙሉ ያፈላሁትም ፈሳሽ ጥላሸት ስለወረደበት ደፋሁት። ምክንያቱ እሳት የሚያስነሱት ሁለቱ ኤሌክትሮዶች ካርቦን መያዛቸው ነበር፤ በጨርቅ የሚጠረግ ነገር። ቁልፏ አንዴ ተጭና ካልሠራች ምክንያቱን መፈለግ እንጂ መደጋገም አይገባም።

ወደ ትሪው ልመለስ። ጋለቫናይዝድ ቆርቆሮ ለጣሪያ ነው። የዚንክ ልባጡ በሚፈላው ፈሳሽ ይበላል፤ በልባጡ ውስጥ፣ ይልቁንም አሮጌ ትሪዎች በተጣበቁበት ብየዳ ውስጥ፣ መርዛማው ብረት እርሳስ ሊኖር ይችላል። ውሃው ተንኖ ሲሄድ እርሳሱ አብሮት አይሄድም፤ በ40 ሊትር ውስጥ ተበትኖ የነበረው ሁሉ በ1 ሊትር ውስጥ ይጠራቀማል። ያንን የሚልሱት ደግሞ አእምሯቸው ገና በማደግ ላይ ያለ፣ እርሳስ ከአዋቂ ይልቅ የሚጎዳቸው ልጆች ናቸው። የጠላ ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ካልታጠነ የማንጠምቅ ሰዎች፣ እዚህ ላይ ዕቃውን ችላ ማለታችን ይገርመኛል።

እኔ 304 ከሚባለው ስቴንለስ ስቲል (የማይዝግ ብረት)፣ እርሳስ ሳይነካው በአርጎን ጋዝ የተበየደ ትሪ አሠርቻለሁ። በርነሩ በነፃ የተገኘ ነበርና ከጠቅላላው ወጪ ትልቁን የወሰደው ይኸው ትሪ ነው።

ዛፍ የሚበሳበት ወቅት በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ስለሚጀምርና አንዳንድ አንባቢዎች በቀደመው ምክር መሠረት ቆርቆሮ ገዝተው ሊሆን ስለሚችል፣ ስለ ጋለቫናይዝድ ትሪ የወጣው ጽሑፍ በሚቀጥለው እትም እንዲታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከቨርሞንት