ልጄ፣ ድምፅ ከመስጠትሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

ባለፈው ስንደዋወል ለንደን የምትኖሪበት ያልተለሰነ የአርማታ ሕንፃ ይፍረስ ወይስ ይታደስ በሚለው ላይ ነዋሪው ድምፅ ሊሰጥ መሆኑን ነገርሽኝ። «አባዬ፣ እስር ቤት ነው የሚመስለው፤ ይበርዳል፣ ፊቱ ጠቁሯል፣ ተሰነጣጥቋል፤ ይፍረስና እንገላገል» አልሽ። ዕድሜዬን ሙሉ አርማታ የሚፈስበትን የጣውላ ቅርጽ (ፎርምወርክ) ስሠራ የኖርኩ አናጢ ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ለንደን የመጣሁ ጊዜ ቴምዝ ዳር ወዳለው ብሔራዊ ቴአትር ወስደሽኝ ነበር። ዴኒስ ላስደን የነደፈው፣ በ1976 የተከፈተው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። አንቺ እንግባ ስትይ እኔ ግድግዳው ጋ ቀረሁ። የጣውላው መስመር፣ የእንጨቱ አንጓ፣ ሁለት ጣውላ የተጋጠመበት ስስ ጠርዝ፣ ሁሉም አርማታው ላይ ታትሞ ቀርቷል። ልስን የለ፣ ቀለም የለ። እኛ ጣውላው ከፈት ብሎ የሲሚንቶው ውሃ ሾልኮ ጠጠሩ ገጦ ቢቀር፣ ልስን ይሸፍነዋል ብለን እናልፋለን። እዚያ የሚሸፍን የለም። አናጢው ያን ቀን የሠራው ዛሬም ይታያል።

እዚያው ለንደን ያለው የባርቢካን መኖሪያማ ይብሳል። አርማታው ከደረቀ በኋላ ሠራተኞቹ በእጃቸው በያዙት መሣሪያ ፊቱን እየፈለፈሉ ጠጠሩን አወጡት። ያንን ሁሉ ሕንፃ! ቦታው በዲሴምበር 1940 መጨረሻ የጀርመን ቦምብ ያነደደው ሰፈር ነበር። አሁን ከሁለት ሺህ በላይ ቤተሰብ የሚይዝ መኖሪያ ቆሞበታል።

ይኼ ሁሉ ግራጫ ሕንፃ ከየት መጣ ብለሽኝ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤት የሌለው ሰው ብዙ ነበር፤ ብረት ደግሞ በራሽን ነው። ለ ኮርቡዚዬ የሚባለው አርክቴክት በ1952 ፈረንሳይ፣ ማርሴይ ላይ ያጠናቀቀው ትልቅ መኖሪያ አርማታን እርቃኑን መተው ነውር እንዳልሆነ አሳየ፤ ወጣቶቹ አርክቴክቶች ተከተሉት።

ቅሬታሽን አላጣጥልም። ብርዱ እውነት ነው፤ ያኔ ሙቀት የሚይዝ ግድግዳ ብዙም አልታሰበበትም። ግን ፊቱ ላይ የወረደው ጥቁር ነጠብጣብ የውሃ መውረጃ ጉዳይ ነው። ስንጥቁ ውስጥ ውሃ ሲገባ አርማታው ውስጥ ያለው ብረት፣ ፌሮው፣ ይዝጋል፤ ሲዝግ ያብጥና አርማታውን ይፈነቅለዋል። በጊዜ ከተያዘ ይጠገናል። እዚህ አዲስ አበባም በ1961 የተመረቀው አፍሪካ አዳራሽ ስንት ዓመት አገልግሎ ታድሶ ተከፍቷል።

እስቲ እዚያው ለንደን ያለውን የአርማታ መኖሪያ፣ ትሬሊክ ታወርን፣ ተመልከቺ። ባለ 31 ፎቅ ነው፣ በ1972 ያለቀ። መጀመሪያ ሰው ይፈራው ነበር፤ ኮሪደሩ የዱርዬ መዋያ ሆነ። ነዋሪው ተደራጅቶ ጠየቀ፣ በሩ ላይ ጥበቃ ቆመ። ሕንፃው ያው ሕንፃ ነው፤ ዛሬ ግን ሰው ይሻማበታል። በ1998 በቅርስነት ተመዘገበ። ሮቢን ሁድ ጋርደንስ የሚባለው ሌላው የለንደን የአርማታ መኖሪያ ግን አልተረፈም። በ2017 መፍረስ ሲጀምር ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አንድ ቁራጩን ወስዶ አስቀመጠ። ይኼ በጣም ያናድደኛል። ሰው የሚኖርበትን ቤት አፍርሶ ቁራጩን ለጎብኚ ማቆየት ምን ይባላል? ደግሞ ሲሚንቶ እኮ በ1450 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ተቃጥሎ የሚገኝ ነገር ነው። አንዴ የተከፈለበትን ጥሎ እንደገና ማቃጠል ግፍ ነው።

ስብሰባው ላይ አትፈሪ፣ ጠይቂ። መሐንዲስ ከአርማታው ናሙና ወስዶ መርምሯል ወይ? እድሳቱ ስንት ያወጣል ተብሎ ተሰልቷል? ከፈረሰስ እስኪሠራ የት ትኖራላችሁ፣ ስትመለሱስ ኪራዩ ያው ነው? መልሱን በጽሑፍ ስጡኝ በያቸው። ከዚያ የመሰለሽን ምረጪ፤ የምትኖሪበት አንቺ ነሽ።

ስንጥቅ ያለበትን ጥግ ግን ቀረብ ብለሽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። ፌሮው ከታየ ንገሪኝ።

አባትሽ