የጭላዳን ሰዓት የማያውቅ የሳይክል ጉዞ

ሰላም ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ እንደምን ከርማችኋል።

ባለፈው ስለ ወሎ ቱሪዝም ባወጣችሁት ጽሁፍ ላይ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ተሰባስበው በአስጎብኚ የሚመራ የአንድ ቀን የሳይክል ጉዞ ሊጀምሩ ነው፣ በዚያው የዱር እንስሳትና ወፍ ያሳያሉ የሚል አንብቤ ወላሂ በጣም ነው ደስ ያለኝ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ከሳይክል ያልወረድኩ ሰው ነኝ። ግን እቅዱን ዝቅ ብዬ ሳነበው ዝም ማለት አቃተኝ። ሙሉው ኪሎሜትር ነው። ከዚህ እዚያ ድረስ ይሄን ያህል፣ ቁርስ እዚህ፣ ፎቶ እዚያ፣ ምሳ እዚያ፣ መልስ በፔዳል። እንስሳው የት ቦታ በስንት ሰዓት እንደሚገኝ ግን አንድ መስመር አልተጻፈም።

ለውድድር የሚሮጥ ሳይክለኛ ኪሎሜትሩን ቢቆጥር ያምርበታል። እንስሳ አይቶ ሊመለስ ገንዘብ የከፈለ ሰው ግን ሰማንያ ኪሎሜትር ነድቶ ባዶ ሜዳ ቢጠብቀው ምን ይጠቅመዋል? እኔ የምለው መጀመሪያ የእንስሳውን ሰዓት ጻፉ፣ ከዚያ ሳይክሉን በተረፈው ሰዓት ውስጥ አስገቡት፣ ካልገባ ደግሞ ኪሎሜትሩን ቁረጡት።

ጭላዳን እንውሰድ። ከዝንጀሮ ዘመዶቹ ሁሉ ሳር ግጦ የሚኖረው እሱ ብቻ ነው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ ደግሞ የትም የለም። ሌሊት ጅብና ነብር እንዳያገኘው ገደል ላይ ተጣብቆ ያድራል፣ ጠዋት ፀሐይ ገደሉን ሞቅ ስታደርገው ቀስ እያለ ወደ ሜዳው ይወጣል፣ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ቁጭ ብሎ ይሞቃል፣ እርስ በርሱ ጸጉሩን ይፈታተሻል፣ ግልገሎቹ ይላፋሉ፣ ከዚያ ነው ወደ ሳሩ የሚገባው። ይሄ እንግዲህ እንደ አየሩ ቢለያይም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ገደማ ያለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ እየጋጠ ሜዳው ላይ ይበተንና ከገደሉ ይርቃል፣ ማታ ላይ ከ10 ሰዓት በኋላ እንደገና ወደ ጫፉ ይሰበሰባል። ስለዚ ቡድኑ ሻይ ጠጥቶ፣ ጎማ ነፍቶ፣ ሰልፊ ተነስቶ በ3 ሰዓት ከተማ ለቆ 6 ሰዓት ላይ ቢደርስ የሚያገኘው የተጋጠ ሳርና ፋንድያ ነው።

በሰዓቱ የደረሰ ሰው ግን የሚያየው ነገር ሌላ ነው። ጭላዳ ሲግጥ ተነስቶ አይሄድም፣ በቂጡ ቁጭ እንዳለ እየተንፏቀቀ ነው፣ ሁለቱም እጁ ይሰራል፣ ሳሩን በጣቶቹ እየነጨ መዳፉ ውስጥ ያከማቻል፣ መዳፉ ሲሞላ ወደ አፉ። ብዙ ሆነው ሲግጡ ዝም ካላችሁ ሳሩ ሲነጭ ችር ችር ሲል ይሰማል፣ በመሀል ደግሞ የሚያጉረመርሙት ነገር አለ፣ የለቅሶ ቤት ሴቶች ዝግ ባለ ድምጽ እንደሚያወሩት። ወንዱ ጎፈሩ ትከሻው ላይ ተንዠርግጎ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ከሩቅ ይታያል። የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ካሳየ ሰላም አላላችሁም፣ ቀርባችኋል ተመለሱ ማለቱ ነው። አስጎብኚ የሚባለው ሰው ይሄንን ከርቀት አይቶ ቡድኑን ወደኋላ መመለስ ካልቻለ ፊት ፊት ፔዳል መምታቱ ብቻ አስጎብኚ አያደርገውም።

አሁን ወደ ቦታው ልምጣ፣ ምክንያቱም እቅዱ ውስጥ ሐይቅም፣ ጭላዳም፣ ቀይ ቀበሮም በአንድ ቀን ተደምረው ነው ያየሁት። ወሎ ሰፊ ነው ጎበዝ! ከደሴ ወልዲያ ብቻ 120 ኪሎሜትር ነው፣ ከወልዲያ ደግሞ ዳገቱን ወጥቶ ጭላዳው ወዳለበት ወደ መቄት ደጋ በሚወስደው መንገድ ጋሸና ለመድረስ ሌላ ረጅም መንገድ አለ። በአንድ ቀን ከደሴ ተነስቶ መቄት ጭላዳ አይቶ፣ ሐይቅ ዓሣ በልቶ፣ ማታ ፒያሳ ቡና መጠጣት አይቻልም፣ የቻለ ሰው ካለም መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነው የዋለው። ሁለት የተለያየ ጉዞ አድርጉት።

ከደሴ የሚነሳው ሐይቅ ወደምትባለው ከተማና ወደ ሐይቁ ይሁን። 30 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች መንገዱ በጥቅሉ ወደታች ነው፣ ሰዉም ለዚህ ነው በሳይክል ወርደን በሳይክል እንመለሳለን የሚለው። ሲወርዱ ሁሉም ጀግና ነው፣ ከሰዓት በኋላ ዳገቱን ከሲኖትራክ ጭስ ጋር ስትወጡት ግን ግማሹ ሰው ሳይክሉን እየገፋ ነው የሚመጣው፣ ለዚያውም ያ መንገድ የመቀሌ ዋና መንገድ ነው፣ አይሱዙው፣ ባጃጁ፣ አህያው ሁሉ እዚያው ላይ ነው። ስለዚ ገልብጡት። ሳይክሎቹን ፒካፕ ላይ ወይ ሚኒባሱ ፖርቶመጋላ ላይ ጭናችሁ ጎህ ሲቀድ ከደሴ ውጡ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ሐይቁ ዳር ድረሱ፣ የወፍ ሰዓት እሱ ነው። ዳክዬው፣ ዓሣ አጥማጅ ወፎቹ፣ ውሃ ዳር የሚቆመው ረጅም እግር ሁሉ ጠዋት ነው የሚንቀሳቀሰው። ጋጋኖ ደግሞ እናንተ ባትፈልጉትም እሱ በጩኸቱ ይፈልጋችኋል፣ ደሴ ላይም ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰን እሱ አይደል፣ ብዙ ሰው ግን የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ወፍ መሆኑን አያውቅም። ከጥቅምት እስከ የካቲት ከሆነ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎችም አሉ፣ ዝናቡም አልፎ ጭቃው ደርቋል፣ እኔ ብሆን ከዚያ ወቅት ውጭ አላዘጋጅም። በወሎ በልግ አለ፣ ከየካቲት በኋላ በየመሀሉ ዝናብ ይመጣና ጥርጊያው መንገድ ካቴናውን በጭቃ ይሞላዋል።

ወፉን አይታችሁ ስትጨርሱ፣ 3 ሰዓት አካባቢ፣ ያኔ ሳይክላችሁን አውርዱ። ከሐይቅ ወደ አርዲቦ ንዱ። አርዲቦ ትንሹ ሐይቅ ነው፣ ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው፣ ውሃውም ወደ ትልቁ ነው የሚወርደው፣ ስለዚ ስትሄዱ ዳገት ስትመለሱ ቁልቁል ይሆንላችኋል፣ ሰው ትኩስ ሆኖ ዳገቱን ይጨርሳል ማለት ነው። የጭነት መኪና ግርግርም የለበትም። ተመልሳችሁ የሐይቅ ዓሣ ጥብስ፣ ከዚያ የፈለገ ሰው ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ይሂድ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት ትልቅ የትምህርት ቦታ ነው። ግን ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም እንደማይገቡ ከመነሳታችሁ በፊት ተናገሩ፣ በር ላይ አድርሳችሁ አንቺ እዚህ ቆዪ ማለት ነውር ነው። ቀኑ አርብ ከሆነ ጁምዓ ሰላት የሚሰግዱ ልጆች አሉ፣ እሁድ ከሆነ ቅዳሴ ያለበት አለ፣ ይሄን ማንም የደሴ ልጅ ያውቀዋል ግን እቅድ ላይ ሲጽፍ ይረሳዋል። የገበያ ቀንም አይሁን፣ መንገዱ በሰውና በከብት ይሞላል። መልሱ በመኪና።

ጭላዳ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ላሊበላ ወይ ጋሸና አድሮ ይነሳ። ከጋሸና ወደ ፍላቂት የሚወስደው የቻይና መንገድ በደጋው ጀርባ ላይ ነው የሚሄደው፣ ወጣ ገባ አለው እንጂ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል እንዳለው እንደ ሐረጎ ጠመዝማዛ አይገድልም፣ ግራና ቀኙ ሜዳ ሆኖ ድንገት ገደል ነው። ከአስፋልቱ ወደ ገደሉ ጫፍ በእግር መንገድ ነው የሚገባው፣ እዚያ ላይ የአገሩ ልጅ ሳይመራችሁ እንዳትሞክሩት። የመቄት ገበሬዎች የእንግዳ ጎጆ ሰርተው ገቢውን ለቀበሌያቸው ሲያውሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ እንግዳ እንዴት እንደሚያዝ ከኛ ከከተሞቹ በላይ ያውቃሉ። ከጭላዳው መቶ እርምጃ ያህል ቀድማችሁ ከሳይክል ውረዱ፣ ምክንያቱም ቁልቁል ስትለቁት የኋላ ጎማው ፍሪ ቅርቅርታ ከሩቅ ነው የሚሰማው፣ በፍጥነት የሚመጣ ነገር ደግሞ ማንንም ያስደነግጣል። ዳቦ ምናምን እንዳትወረውሩ። ህዳር ላይ ገብሱ ሲደርስ ጭላዳውና ገበሬው ጦርነት ላይ ናቸው፣ ህጻናት ወንጭፍ ይዘው ሲጠብቁ ነው የሚውሉት፣ እናንተ ዳቦ ካስለመዳችሁት በነጋታው የሚሄደው እዚያ ማሳ ውስጥ ነው።

ቀይ ቀበሮን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፣ ቃል እንዳትገቡ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም፣ ወሎ ውስጥ አቡነ ዮሴፍና ቦረና ሳይንት ላይ አሉ። አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፣ እዚያ ሳይክል ይዞ መውጣት ጉራ ነው የሚሆነው፣ በእግር የሚሄድ ሌላ ጉዞ አድርጉት። ቀበሮው አይጥ ሲያድን ብቻውን ነው የሚዞረው፣ በቀን ብርሃን ይንቀሳቀሳል ግን ለማየት ዕድል ይፈልጋል። ፖስተር ላይ ፎቶውን ለጥፎ ሰው መሰብሰብ ማታለል ነው። ደግሞ ውሻ ይዞ የሚመጣ ካለ ከመነሻው መልሱት፣ ለቀበሮው ከጥይት የባሰው ከውሻ የሚጋባው የእብደት በሽታ ነው።

ስለ ሳይክሉ ብዙ አልልም፣ የሚያከራዩ ልጆች ያውቁታል፣ ግን ባለፈው አንድ አዘጋጅ ጋር አብሬ ወጥቼ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ የኋላ ፍሬን የሌለው ሳይክል ለልጅ ሰጥተው ቁልቁለት ላይ ልጁ በጫማው ነበር የሚያቆመው፣ ሄልሜት የነበረው ደግሞ መሪው ብቻ! ትርፍ ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ)፣ መንፊያና የካቴና ቁልፍ ሳይያዝ አይወጣም፣ ጎሚስታ በየሜዳው አይገኝም። ከፊት የሚመራ አንድ ሰው፣ ከኋላ ማንም እንዳይቀር የሚከተል አንድ ሰው፣ የኋላው ከፊተኛው የበለጠ ትዕግስት ያለው ይሁን። የገጠር ውሻ ካባረራችሁ አትሽሹ፣ ውረዱና ሳይክሉን በመሀል አድርጉት፣ ባለቤቱ መጥቶ አብሽሩ እስኪላችሁ ቁሙ። ባይናኩላር ሁለት ሦስት እንኳን ተውሳችሁ ያዙ፣ ያለሱ ሐይቁ ላይ ያለው ወፍ ሁሉ ጥቁር ነጥብ ነው። ከኮምቦልቻ የሚመጡት ደግሞ 1,800 ሜትር ላይ የለመዱ ናቸው፣ መቄት 3,000 ሜትር አካባቢ ላይ ልባቸው ቢመታ፣ ራሳቸውን ቢያማቸው አይገርምም፣ በመጀመሪያው ሰዓት ማንም ማንንም እንዳይቀድም።

ሰላሙን በተመለከተ እናንተም እኛም የምናውቀው ነው፣ የወሎ መንገድ አንዳንድ ቀን ይከፈታል አንዳንድ ቀን ይዘጋል። ትናንት ክፍት ነበር ብሎ መነሳት አይበቃም፣ በዚያው ጠዋት እዚያው ቦታ ላይ ላለ ሰው ተደውሎ ይጠየቅ፣ ጥርጣሬ ካለ ይቅር፣ ብሩም ይመለስ። አዘጋጆቹ ብሩን እንዴት እንደሚመልሱ ከመሰብሰባቸው በፊት ጽፈው ቢያስቀምጡት ለነሱም ለከፋዩም ይሻላል።

ገንዘቡ ላይ አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። መንገድ የሚያሳየው የአገሩ ልጅ፣ ሐይቁ ላይ ጀልባ የሚቀዝፈው፣ ቡና የምታፈላው እናት፣ እነዚህ ሰዎች እቅዱ ውስጥ ‹‹ልዩ ልዩ ወጪ›› በሚል አንድ ላይ ታጭቀው ነው ያየኋቸው። ድርሻቸው ስማቸው ተጠቅሶ ይጻፍ፣ በእጃቸው ይሰጥ፣ ገበሬው ከጭላዳው ማሳውን ሲጠብቅ የሚውለው በነጻ ነው፣ እንግዳ ሲመጣ ግን አንድ ብር ካላየ ለምን ብሎ ይታገሰዋል?

እቅዱን ካስተካከሉት እባካችሁ ድጋሚ አትሙልን፣ መነሻ ሰዓቱን በትልቁ ጽፋችሁ። መልሱ በፒካፕ ከሆነ ለእኔም አንድ ቦታ ያዙልኝ፣ የራሴን ሳይክል ይዤ ነው የምመጣው።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ ሆጤ