የዘጌ ቡና ስሙን የሚጠብቅለት አስተዳደር ያስፈልገዋል

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በባሕር ዳር ገበያዎች «የዘጌ ነው» ተብሎ በጣሳም በኪሎም የሚሸጠው ቡና በእርግጥ ከየት እንደመጣ ገዥው የሚያውቀው ከሻጩ ቃል ብቻ ነው። ዘጌን በሳተላይት ከተማነት የሚያስተዳድረው የከተማችን አስተዳደር ለዚህ ቡና ሊያደርግለት ከሚችለው ሁሉ የሚቀድመው ስሙን መጠበቅ ነው ብዬ ስለማምን ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

የዘጌ ቡና የሚበቅለው ወደ ጣና ዘልቆ በገባው ልሳነ ምድር፣ በኡራ ኪዳነ ምሕረትና በሌሎቹ ገዳማት ዙሪያ ባለው ደን ውስጥ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ የሚለው ትውፊት፣ በዘጌ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስን ከሚከለክለው ሥርዓት ጋር ተጋግዞ ደኑን ለዘመናት አቆይቶታል። ስለዚህ ዋንዛውና ብርብራው ለጣውላና ለማገዶ እየተቆረጠ በሄደ ቁጥር፣ ስሙ ባይጠፋ እንኳ ቡናው የዘጌ ቡና መሆኑ ይቀራል። ደኑን የሚቆርጠው አብዛኛውን ጊዜ ቡናው አላኖር ያለው ደሃ ነውና፣ የቡናውን ዋጋ ከፍ ማድረግና ደኑን መጠበቅ ለሁለት መሥሪያ ቤቶች ተከፋፍሎ የሚሰጥ ሥራ አይደለም።

ሕጉ መንገድ አይከለክልም። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 አምራቾች በማኅበራቸው ስም የወል የንግድ ምልክት እንዲያስመዘግቡ ይፈቅዳል። አገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በውጭ አገር ለማስመዝገብ ተከራክራ፣ በ1999 ዓ.ም. ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። በካሜሩን የፔንጃ ቁንዶ በርበሬ እ.ኤ.አ. በ2013 በአፍሪካ አእምሯዊ ንብረት ድርጅት በመልክዓ ምድራዊ አመልካችነት፣ ማለትም ምርቱ የተገኘበትን ቦታ በሚያመለክት ጥበቃ ባለው ስም፣ ተመዝግቧል። በጣሊያን ደግሞ የፓርማው አይብ አሥራ ሁለት ወር ከቆየ በኋላ እያንዳንዱ ክብ በመርማሪ ይፈተሻል፤ ያላለፈው ከቅርፊቱ ላይ ምልክቱ ይፋቃል። ምዝገባ የሚያስገኘው መብት ነው፤ ገዥው የሚተማመነው ግን በዚህ መፋቅ ነው፤ በእኛ ዘንድ ፈጽሞ ያልታሰበበትም ይኸው ይመስለኛል።

አስተዳደሩ በመጀመሪያ ቡናው «የዘጌ» የሚባልበትን ወሰን ከገዳማቱ አባቶችና ከአርሶ አደሮቹ ጋር ሆኖ በካርታ ላይ ያስፍር። ቀጥሎም የቀላው ፍሬ ብቻ እንዲለቀም፣ ጀንፈሉም (ከነቅርፊቱ የሚደርቀው ፍሬ) መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ እንዲደርቅ የሚያዝ ደንብ ይጻፍ፤ ለአልጋው የሚሆነው ሽቦና እንጨት ግን ከአርሶ አደሩ ኪስ ብቻ እንዲወጣ መጠበቅ አግባብ አይደለም። ከወደቡና ከመኪና መንገዱ የሚወጣው ጆንያ ሁሉ ተመዝኖ ይመዝገብ፤ የንግድ ተቆጣጣሪዎችም በገበያው የሚሸጠውን ከዚህ መዝገብ ጋር ያስተያዩ፤ ከዘጌ ከወጣው በላይ «የዘጌ ቡና» ከተሸጠ የስሙ ስርቆት በቁጥር ይታያል። የንግድ ምልክቱ ግን በአምራቾቹ ማኅበር ስም እንጂ በመምሪያ ስም እንዳይመዘገብ አጥብቄ አሳስባለሁ። ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር ፋይሉ መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ማኅበሩ ግን በየዓመቱ በለቀማ ጊዜ ስሙን ያስባል።

ምርቱ ትንሽ ስለሆነ ይህን ያህል ድካም አይገባውም የሚሉ አሉ። በእርግጥ የዘጌ ምድር ጠባብ ነው፤ በብዛት ከጅማም ከሲዳማም ጋር አይወዳደርም። ሆኖም በብዛት የማይወዳደር አርሶ አደር ዋጋ የሚያወጣው በስሙ ነው፤ ያ ስም በማንም ጆንያ ላይ ሲለጠፍ ሌላ የሚሸጠው ነገር አይኖረውም። ጣናም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ (ተፈጥሮና የሰው ኑሮ አብረው የሚጠበቁበት ስፍራ) ሆኖ ስለተመዘገበ፣ ደኑንና ምርቱን አብሮ ለመጠበቅ አስተዳደሩ ከዜሮ አይጀምርም።

የሚቀጥለው ለቀማ ከመጀመሩ በፊት የከተማው ንግድ መምሪያና የግብርና ባለሙያዎች ወደ ዘጌ ሄደው ወሰኑንና የለቀማውን ደንብ ከባለቤቶቹ ጋር እንዲጽፉ፣ ውጤቱንም በጋዜጣችሁ ለሕዝብ እንዲያሳውቁ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ