ለትንንሽ ልጆች ፊልም ስንመርጥ

ለደሴና ለኮምቦልቻ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

እንስሳት የሚናገሩበትን ፊልም ለልጆች ከማሳየታችን በፊት ሁለት ሰው ሙሉውን አስቀድሞ ይየው። ማስታወቂያው አይበቃም፤ ሳቁን ብቻ መርጦ ነው የሚያሳየው። «ለሁሉም ዕድሜ» የሚለው የአሜሪካው «ጂ» ምልክትም ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው «አንበሳው ንጉሥ» (The Lion King) የተባለው ፊልም ይኸው ምልክት አለው፤ ግን ግልገሉ የሞተ አባቱን ሊቀሰቅስ ሲታገል ይታያል። የስምንት ዓመት ልጅ ይችለው ይሆናል፣ ለአራት ዓመት ልጅ ግን ከባድ ነው።

የእንስሳቱ መናገርስ አያስፈራም፤ ጦጣና ጅብ በተረታችን ሲከራከሩ ነው የኖሩት። የሚያስፈራው የወላጅ ሞት፣ ከእናት መለየት፣ በጨለማ መሳደድ፣ ከሁሉም በላይ ድንገት የሚያንባርቅ ሙዚቃ ነው። እነዚህ የሚመጡበትን ደቂቃ ጻፉ፤ እዚያ ስንደርስ ድምፁን እንቀንሳለን፣ ከከፋም እናልፈዋለን። ማንበብ ላልጀመሩት የግርጌ ጽሑፍ ስለማይጠቅም ወይ በአማርኛ የተቀዳ ይሁን፣ ወይ አንድ ሰው አጠር አድርጎ ይተርክላቸው። መብራቱን ጨርሳችሁ አታጥፉ፤ 40 ደቂቃ ሲሞላ እረፍት ይሁን።

ልጅ ካለቀሰ «አብሽር» ብላችሁ አቅፋችሁ ውጡ። «ውሸት እኮ ነው» ማለት አያረጋጋውም።

ፊልሙ ውስጥ ልጅ የመንገድ ውሻ የሚያቅፍ ከሆነ ግን አደራ፣ የሰፈራችን ውሻ እንደዚያ እንዳልሆነ በዚያው ሰዓት ንገሯቸው። ውሻ የነከሰው ልጅ ቁስሉ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ወዲያው ጤና ተቋም ይሂድ።