ነጥቡ ጠፋ ማለት ዓሣው ዳነ ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በቅርቡ በቤት አያያዝ ዓምዳችሁ ላይ የጨው ውኃ ዓሣ ነጭ ነጥብ ሲወጣበት ምን መደረግ እንዳለበት ምክር አውጥታችኋል። ነጭ ሽንኩርት ከምግቡ ጋር መቀላቀል፣ የውኃውን ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ማድረስ፣ ዓሣ የሚያጸዳ ሽሪምፕ መግዛት፤ «በሦስት በአራት ቀን ነጥቡ ይጠፋል» ይላል። እውነት ነው፣ ይጠፋል። ምንም ባይደረግም ይጠፋል። ብዙ ሰው ገንዳ ሙሉ ዓሣ የሚያጣውም እዚህ ላይ ስለሚታለል ነው። እኛ በዋሽንግተን አካባቢ የጨው ውኃ ገንዳ በመንከባከብ የምንተዳደር ስለሆንን፣ ምክሩን ያነበበ ሰው ዓሣው ሳያልቅበት ይህን ቢያውቅ ብለን ነው የምንጽፈው።

ነጩን ነጥብ የሚያመጣው ክሪፕቶካሪዮን ኢሪታንስ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው፤ ገንዳ ያላቸው ሰዎች ባጭሩ «ኢክ» ይሉታል። በዓሣው ቆዳና በሚተነፍስበት ስንጥብ ውስጥ ገብቶ ከ3 እስከ 7 ቀን ይመገባል። ዓሣው ላይ የምናያት የጨው ቅንጣት የምታህል ነጥብ እሱ ራሱ ነው። ሲጠግብ በራሱ ጊዜ ለቆ ይወርዳል፤ አብዛኛውን ጊዜም በጨለማ ነው። አሸዋ፣ ድንጋይ፣ የፓምፕ ፕላስቲክ፣ የቀንድ አውጣ ዛጎል፣ ያገኘው ነገር ላይ ተጣብቆ ጠንካራ ሽፋን ይሠራል፤ እዚያ ውስጥ ሆኖ ይከፋፈላል። ሽፋኑ ሲፈነዳ በመቶ የሚቆጠሩ ዋናተኞች፣ ማለትም ዓሣ ፍለጋ የሚዋኙ የተውሳኩ ልጆች፣ ይወጣሉ። የሚፈነዳበት ቀን ደግሞ ወጥ አይደለም። አንዱ በ3ኛው ቀን፣ ሌላው በ4ኛው ሳምንት ይፈነዳል፤ 72 ቀን ቆይቶ የፈነዳም ተመዝግቧል። የወጡት ዋናተኞች በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ።

ስለዚህ ረቡዕ ነጥብ አይቶ ሽንኩርት የሰጠ ሰው እሑድ ዓሣው ጠርቶ ያገኘዋል፣ ሽንኩርቱንም ያመሰግናል። ተውሳኩ ግን አሸዋው ውስጥ ሆኖ እየተባዛ ነው። ሙቀት የመጨመሩ ምክር የተወሰደው ከጨው አልባ ውኃ ዓሣ ነው። የዚያኛው ነጭ ነጥብ መልኩ ይመሳሰል እንጂ የቅርብ ዝምድና የለውም፤ እሱ በ30 ዲግሪ ሲዳከም የባሕሩ ግን አይበገርም። ይልቁንም የሞቀ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ስለሚያንስ፣ ስንጥቡ የተጎዳው ዓሣ ቶሎ ይታፈናል። ሽሪምፑም ቢሆን ጥገኛው ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ሥር ስለተቀበረ አውጥቶ ሊበላው አይችልም።

«ለኮራል አይጎዳም» ተብለው የሚሸጡትን ፈሳሾችም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባል። ቬልቬት የተባለው የከፋ በሽታ አምጪ፣ አሚሉዲኒየም ኦሴላተም፣ ዲኖፍላጀሌት ከሚባሉት ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ወገን ነው። ኮራሉን የሚመግቡት በውስጡ የሚኖሩት አልጌዎችም ዲኖፍላጀሌት ናቸው። አንዱን የሚገድል፣ ሌላውን መርጦ የሚተው መድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ አለ ብሎ ለማመን ብዙ ልበ ሙሉነት ይጠይቃል። አልትራቫዮሌት መብራትም በውስጡ ያለፈውን ዋናተኛ ይገድላል፣ ቁጥሩን ይቀንሳል፤ በመብራቱ ያላለፈው ግን ዓሣው ላይ ለመድረስ ማንንም አያስፈቅድም።

ከሕክምናው በፊት በሽታውን መለየት ያስፈልጋል፤ ጊዜው እንደየበሽታው ይለያያልና። ኢክ በግልጽ የሚቆጠሩ ነጥቦች አሉት፤ ቀናት ይሰጣል። ቬልቬት ግን ከዱቄት ያነሰ ብናኝ ነው፣ በጎን በኩል በእጅ ባትሪ ካልታየ አይለይም። ዓሣው በፍጥነት ይተነፍሳል፣ ብርሃን ይሸሻል፣ ከፓምፑ የሚወጣው ሞገድ ላይ አፉን ሰክቶ ይቆማል፣ ምግብ ያቆማል። ይህ ከታየ ነገ የሚባል ነገር የለም። ክላውንፊሽ ላይ ቆዳው እየተላጠ ነጭ ንፍጥ ከወጣ ብሩክሊኔላ ሊሆን ይችላል፤ እሱን የኢክና የቬልቬት መድኃኒት የሆነው መዳብ አይነካውም፣ ፎርማሊን ነው የሚፈልገው። ዓይኑ የደፈረሰና ሰውነቱን ድንጋይ ላይ የሚፈትግ ዓሣ ደግሞ ጠፍጣፋ ትል ሊኖርበት ይችላል። ጨው በሌለው ውኃ 5 ደቂቃ ሲነከር ትሎቹ ነጥተው ከባልዲው ሥር ይታያሉ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ በሊትር 2.5 ሚሊግራም፤ እንቁላሉን ስለማይገድል ከሳምንት ገደማ በኋላ ይደገማል።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ለኢክም ለቬልቬትም አስተማማኙ መንገድ ዓሣዎቹን በሙሉ አውጥቶ በሌላ ገንዳ በመዳብ ማከም፣ ዋናውን ገንዳ ደግሞ ያለ ዓሣ ማቆየት ነው። በሙሉ ስንል በሙሉ ነው። ጤነኛ የሚመስለውም ይወጣል፣ ድንጋይ ውስጥ ተደብቆ ለማውጣት ግማሽ ቀን የሚፈጀው ጎቢ የሚባለው ዓሣም ይወጣል። አንድ ዓሣ ከቀረ ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

የሕክምናው ገንዳ ባዶ ይሁን። አሸዋና ድንጋይ አይገቡም፤ መዳብ ይመጥጣሉ፣ መጠኑንም ያዛቡታል። መደበቂያ እንዲሆን የቧንቧ ፕላስቲክ ክርን ይበቃል። ማሞቂያው 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ ይደረግ፣ ስፖንጅ ማጣሪያና የአየር ፓምፕ ይግባ፣ ከሰል ያለበት ማጣሪያ ካለ ከሰሉ ይውጣ፤ መዳቡን ይወስደዋል። የውኃው መጠን የሚሰላው ሱቁ ከነገረን ቁጥር ሳይሆን በሜትር ነው። «20 ጋሎን» ወይም 75 ሊትር የተባለው ገንዳ በውስጥ 60 በ30 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ውኃው 36 ሴንቲ ሜትር ላይ ከቆመ፣ በውስጡ ያለው 64.8 ሊትር ነው። በ75 አስቦ መድኃኒት የጨመረ ሰው 16 በመቶ ያህል አብዝቷል።

ዓምዳችሁ ላይ «0.5 መዳብ» የሚል ቁጥር አለ፤ የትኛው መዳብ እንደሆነ ግን አልተጻፈም። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። እንደ ኩፕራሚን ያለው 0.5 ሚሊግራም በሊትር ይበቃዋል። ኮፐር ፓወርን የመሰለው፣ ከሌላ ውሑድ ጋር የተቆራኘው ዓይነት ግን ከ2.25 እስከ 2.5 ሚሊግራም ይፈልጋል። የሁለተኛውን መጠን በመጀመሪያው ዓይነት ያደረገ ሰው ዓሣዎቹን በአንድ ሌሊት ይገድላል። የመጀመሪያውን መጠን በሁለተኛው ዓይነት ያደረገ ደግሞ ወር ሙሉ ደክሞ ተውሳኩን አይነካውም። ቁጥሩ ያለ መድኃኒቱ ስም መጻፍ የለበትም።

ኩፕራሚን በ40 ሊትር 1 ሚሊ ሊትር ይደረጋል፣ 48 ሰዓት ተጠብቆ ያው ይደገማል። ለዚያ 64.8 ሊትር ገንዳ በእያንዳንዱ ጊዜ 1.6 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ሳይለኩ መጨመር የለም። መለኪያው ዲጂታል ቢሆን ይመረጣል፤ ሐና የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ከፍተኛ መጠን የሚያነበው ለሁለቱም ዓይነት ይሆናል። ቀለም እያመሳሰሉ የሚነበበው የቤት መመርመሪያ በ2.0 እና በ2.5 መካከል ያለውን ልዩነት በዓይን ለመለየት ያስቸግራል።

መዳብ የሚገድለው ዋናተኛውን ብቻ ነው። ቆዳ ውስጥ ያለውንም፣ ሽፋን ውስጥ ያለውንም አይደርስበትም። 30 ቀን ሳይቋረጥ የሚያዘውም ለዚህ ነው። መጠኑ ለአንድ ቀን ከወረደ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ሁለተኛ ንጹሕ ገንዳ ያለው ሰው 14 ቀን ሙሉ መጠኑን ጠብቆ ዓሣውን ወደዚያ ቢያዛውር ይሆናል፤ እስከዚያ ድረስ ዓሣው ላይ የነበረው ሁሉ ወርዷል፣ አዲስም አልገባበትም። ሁለቱ ገንዳዎች ግን ቢያንስ 3 ሜትር ይራራቁ። የቬልቬት ዋናተኛ የአየር አረፋ በሚረጨው ጠብታ ተሳፍሮ ጎረቤት ገንዳ ሊገባ ይችላል።

በሕክምናው ገንዳ ውስጥ አብዛኛውን ዓሣ የሚገድለው ግን ተውሳኩም መዳቡም አይደለም፣ አሞኒያ ነው። ገንዳው አዲስ ነው፣ አሞኒያውን የሚያጠፋ ባክቴሪያ የለውም፣ ዓሣው ይበላል፣ ይጸዳዳል። በሦስተኛው ቀን ዓሣው ሲያቃስት ባለቤቱ «መዳቡ በዛበት» ብሎ መዳቡን ይቀንሳል፤ አሞኒያውም አይወርድ፣ ተውሳኩም አይሞት። መፍትሔው ባክቴሪያው እንዲያድርበት ስፖንጁን አስቀድሞ ዋናው ገንዳ ውስጥ ቢያንስ አንድ ወር ማቆየት ነው። ስፖንጁ ከታመመ ገንዳ ተውሳክ ይዞ ቢመጣም ከሽፋኑ ሲወጣ መዳቡ ስለሚያገኘው ችግር የለውም። ስፖንጅ ያላዘጋጀ ሰው የታሸገ ባክቴሪያ ይጨምር፣ ምግብ ይቀንስ፣ በየቀኑ አሞኒያ ይለካ፣ ውኃ ይቀይር። የሚገባው አዲስ ውኃ መዳቡን ይዞ ይግባ፤ ለ20 ሊትር 1 ሚሊ ሊትር ኩፕራሚን 0.5 ላይ ያደርሰዋል። ውኃው በትነት ሲቀንስ የሚሞላው ግን ጨውም መዳብም በሌለው ውኃ ነው፤ ጨውና መዳብ አይተኑምና። መስታወቱ ላይ በቴፕ መስመር ማድረግ ይህን ቀላል ያደርገዋል።

ለአካባቢያችን ሰው አንድ ነገር እንጨምር። የዲሲና የአርሊንግተን የቧንቧ ውኃ ክሎራሚን የሚባል ጀርም ማጥፊያ ኬሚካል አለበት፤ በየፀደዩ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወደ ክሎሪን ይቀየራል። ክሎራሚኑን ለመስበር እንደ ፕራይም ያለ ማከሚያ የሚጨምር ሰው መዳብ ባለበት ገንዳ ውስጥ መጨመር የለበትም። ማከሚያው መዳቡን ወደ ባሰ መርዛማ መልክ ይቀይረዋልና። በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ ውኃ ከሱቅ በጋሎን መግዛት ከዚህ ጣጣ ያድናል።

ቬልቬት ከሆነ፣ ዓሣው ወደ መዳቡ ከመግባቱ በፊት ጨው በሌለው የተጣራ ውኃ 5 ደቂቃ ይነከር። ሙቀቱ ከገንዳው ጋር እኩል ይሁን፣ በትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ፒኤቹ (የአሲድነት ልኬቱ) ይስተካከል፣ ቀድሞ አየር ይነፋበት። ይህ ማስታገሻ ነው፣ ስንጥቡን ለጊዜው ያቃልልለታል። ለቬልቬት የተቆራኘውን መዳብ የምንመርጠው በ24 ሰዓት ውስጥ ሙሉ መጠኑ ላይ ማድረስ ስለሚቻል ነው።

መዳብ የማይችሉ ዓሣዎች አሉ። ሻርክና ሬይ በፍጹም አይሞከሩም፤ ማንዳሪንና ትንንሽ ኤንጀልፊሽም ይቸገራሉ። ለእነዚህ፣ በሽታው ኢክ ብቻ መሆኑ ከታወቀ፣ በየ72 ሰዓቱ ማዛወር ይሠራል። ሁለት ትንንሽ ገንዳዎች ይበቃሉ። ዓሣው በየሦስተኛው ቀን ወደ ንጹሕና ደረቅ ዕቃ፣ አዲስ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ አራት ጊዜ ሲዛወር 12 ቀን ይሆናል። የወረደው ተውሳክ ሳይፈነዳ ገንዳው ተነሥቷል ማለት ነው። የለቀቀው ገንዳ፣ ስፖንጁና ማሞቂያው ሳይቀር፣ በበረኪና ታጥቦ በደንብ ይደርቃል። ሌላው መንገድ ጨዋማነቱን፣ በውኃው አንጻራዊ ጥግግት ሲለካ፣ ወደ 1.009 ማውረድ ነው። የቀይ ባሕር ጫፍ ላይ ባለችው የእስራኤል ከተማ ኤይላት ተመራማሪው አንጄሎ ኮሎርኒ በ1985 (እ.ኤ.አ.) የጨዋማነት ቅነሳ ኢክን ለመቆጣጠር እንደሚረዳ በእርባታ ዓሣ ላይ አሳይቷል። ነገር ግን 1.011 ላይ ቆሞ «አወረድኩ» ማለት አይቻልም፤ ጨዋማነት የሚለካው መሣሪያ፣ ሪፍራክቶሜትሩ፣ ጨዋማነቱ በሺህ 35 በሆነ መለኪያ ፈሳሽ መስተካከል አለበት። ለቬልቬት ግን ይህም አይሠራም፣ በ72 ሰዓት ማዛወሩም አይሠራም።

ዋናው ገንዳ በዚህ ጊዜ 76 ቀን ያለ ዓሣ ይቆያል፤ 72ቱ ቀንና ጥቂት መጠባበቂያ ነው። ኮራሉ፣ ሽሪምፑ፣ ቀንድ አውጣው እዚያው ይኖራሉ፤ ባክቴሪያው እንዳይራብ በየሁለት ቀኑ ቁንጥር ምግብ ይጣላል። መረቡም፣ የውኃ መሳቢያው ቱቦም፣ እርጥብ እጅም ከሕክምናው ገንዳ ወደዚህ አይሻገርም። በመሐል አዲስ ኮራል የገዛ ሰው ቆጠራውን ከአንድ ይጀምር፤ ሽፋኑ በኮራሉ መትከያ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ሊመጣ ይችላል፣ ኮራል የሚነከርበት ፈሳሽም በአስተማማኝ አይገድለውም። 76 ቀን ረጅም ነው ብለው በ40ኛው ቀን ዓሣ የሚመልሱ አሉ። አንዳንዴ ይሳካላቸዋል፤ እኛ ለደንበኛ አንመክረውም።

ትልልቅ ገንዳ ያላቸው፣ ድንጋዩን ሳያፈርሱ ዓሣ ማውጣት የማይችሉ ሰዎች ከኢክ ጋር መኖርን ይመርጣሉ። በደንብ የተመገበና ያልተጨነቀ ዓሣ ከፊል የመከላከል አቅም ያዳብራል፤ ነጥቡም ለወራት ላይታይ ይችላል። ይህን አንነቅፍም። ተውሳኩ ግን ስንጥብ ውስጥ አለ፤ ማሞቂያ በተበላሸ ወይም ታንግ የሚባል አዲስ ዓሣ በገባ ዕለት ይወጣል። ከቬልቬት ጋር ግን አብሮ መኖር አይታሰብም።

ከዚህ በኋላ የሚገዛ ዓሣ ሁሉ በለይቶ ማቆያ ገንዳ ያልፋል፤ መዳብ ለሚችለው ከላይ ያለው የ30 ቀን መዳብ፣ ከዚያ ሁለት ዙር ፕራዚኳንቴል። የታከሙት ዓሣዎች ሲመለሱ የሁለቱ ገንዳዎች ጨዋማነት እኩል ይሁን። በዝቅተኛ ጨው ለቆየ ዓሣ ጨዋማነቱ በበርካታ ቀናት ቀስ እየተደረገ ይጨምር፣ በቀን ከ0.002 ባይበልጥ ይሻላል። ዓሣው በመረብ ወይም በዕቃ ተነሥቶ ይገባል፤ መዳቡ ያለበት ውኃ ግን አንድ ጠብታም ቢሆን አብሮ ባይገባ ይመረጣል፤ ሽሪምፑና ቀንድ አውጣው የሚሞቱት በእሱ ነውና።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የጨው ውኃ ገንዳ ተንከባካቢዎች፣ ሰሜን ቨርጂኒያ